ሸሕዲ ላይ የታመመብኝ ልጅ

ማለዳ፣ አይከል

በሶዬን በስልቻ፣ ጋቢዬን በትከሻ አድርጌ ወጣሁ። ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው ኮኪት ነው፤ የሰሊጥ አጨዳው ሳይጀመር ዓይኑን አይቼው ልመለስ ብዬ። «እግርሽ አርፎ አያውቅም» ይሉኛል ልጆቼ። እውነታቸውን ነው።

ሚኒባሱ ቁልቁል በወረደ ቁጥር ሙቀቱ ነጠላ ያስጥላል። ኬላ ላይ ስልቻዬን የፈተሸው ልጅ «እማማ፣ ይሄ ለእኔ አይደል?» ቢለኝ አንድ ጭብጥ በሶ ዘገንኩለት።

ቀትር፣ ሸሕዲ

የኮኪት መኪና እስኪሞላ መናኸሪያው አጠገብ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ አረፍ አልኩ። ለካ በረንዳው ባለቤት አለው። ሁለት ጎልማሶች ካርቶን አንጥፈው ተኝተዋል። ሳሉግ ይሏቸዋል፤ ከደጋ ለአጨዳ ወርደው በዚያው የቀሩ፣ ከእርሻ እርሻ የሚዞሩ ናቸው። የአንደኛው ክንድ እንጨት አክሏል፣ ሆዱ ግን ተነፍቷል። በዚያ ሙቀት ይንቀጠቀጣል።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ?»

«ካላዛር ነው አሉኝ። ግራር ሥር ስተኛ የአሸዋ ዝንብ ነክሶኝ።»

«መድኃኒት የለውም?»

«በነጻ ነው እማማ። አልጋም አለ። ግን አስታማሚ ይዘህ ና ብለው መለሱኝ።»

ጓደኛው ሳቀ። «እኔን ይዞኝ ሄዶ ነበር። ቢያዩኝ፣ አንተም ታመሃል፣ አንተም አስታማሚ አምጣ አሉኝ!»

ደሜ ፈላ። ሰው የሌለው ከየት አምጥቶ ነው ሰው ይዞ የሚመጣው? ደግፌው ሐኪም ቤት ገባን።

ነርሷ ክፉ አይደለችም፤ ደክሟታል። «የሚያበላው፣ የሚያጥበው ከሌለ እኔ ብቻዬን አልችልም እማማ። መርፌው አሥራ ሰባት ቀን ነው።»

«እኔ አለሁ።»

«ምኑ ነዎት?»

«እናቱ።»

«ስሙስ?»

ዞር ብዬ «ልጄ፣ ስምህ ማን ነበር?» አልኩት።

«አወቀ።»

ነርሷ ካርዱ ላይ አጎንብሳ ሳቋን ዋጠች፤ ጻፈችውም።

አመሻሽ ላይ ወንድሜ ደወለ። «እታለም፣ የት ደረስሽ?»

«ሸሕዲ። ልጄ ታሞብኝ።»

«የትኛው ልጅሽ?»

«አታውቀውም።»

አሥራ ሰባተኛው ቀን

አልጋው ሥር ጋቢዬን አንጥፌ ሰነበትኩ። በሶው አለቀ፣ አወቀ በእግሩ ቆመ። ሲያሰናብቱት «ንጹሕ ቤት ዕረፍ፣ አጎበር ውስጥ ተኛ» ብለው አዲስ አጎበር አስታቀፉት። ምን ላይ ሊሰቅለው? ካርቶኑ ላይ? ብጠይቅ «እሱ የእኛ ሥራ አይደለም» አሉኝ። የማን ሥራ እንደሆነ የሚነግረኝም አጣሁ።

«በል ተነሥ፣ እኔ ቤት ጣሪያ አለ» አልኩት።

ወደ መናኸሪያው ስናልፍ ጓደኛው ከካርቶኑ ቀና አለ። «እማማ፣ የእኔስ እናት መቼ ነው የሚሆኑት?» እንደ ቀልድ ነው ያለው። ሆዱ ግን ተነፍቷል። የአይከሉ መኪና ሊሞላ ነበርና ተሳፈርን።

አይከል፣ ቤቴ

አጎበሩን ከወጋግራው አስረን ሰቀልነው። ኮኪትን ሳላይ በመመለሴ ወንድሜ አኩርፏል። ከዚህ መንገድ ያተረፍኩት ብሽቀት ነው፤ መድኃኒቱ አለ፣ አልጋው አለ፣ የጠፋው «የእኔ ነው» የሚል አንድ ሰው ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገኝም።

አወቀን እንቅልፍ ሲወስደው ለመንገድ በሶ የሚሆን ገብስ አወረድኩና መቁላት ጀመርኩ። የዚያን የጓደኛውን ስም እንኳ ሳልጠይቀው ነው የመጣሁት።