ጾም የሸፈነው ሌማት

በአዳማ ዐቢይ ጾም የሚውለው ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት ነው። ከቅዳሴ መልስ ምእመናን ይጋብዙኛል። በባለጠጋው ቤት የጾም ገበታ ሲዘረጋ የሱፍ ፍትፍት፣ አቮካዶ፣ ፓፓያና የለውዝ ቅቤ ይደረደራል። ይህ ጾም ከብዙ ሰው ፍስክ እንደሚበልጥ ሳስብ፣ ባርኬ የቆረስሁትን እንጀራ መልሼ ከገበታው ላይ አኖረዋለሁ።

በቅርብ ዓመት በዚሁ ጾም ከንስሐ ልጆቼ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ ዱከም ፋብሪካ በቀን ሥራ ይውላል። በጤና ጣቢያ ደሟ ማነሱን፣ እንቁላልና ሥጋ መብላት እንዳለባት ነገሯት። ወደ እኔ መጣች፤ እኔም እንደ ሥርዓቱ ከጾሙ ፈታኋት። መስቀል ተሳልማ ስትሄድ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በደጃፏ ሳልፍ ጠራችኝ። ቀጥዬ የምጽፈውን የነገረችኝ በኑዛዜ አይደለም፤ በሯን ተደግፋ ቆማ ነው።

«አባቴ፣ ጾሙን ይመልሱልኝ።»

«ሐኪሟ ያለችሽን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። እንቁላሉን ግን በምን ልግዛው? የባለቤቴ የቀን ገቢ ለጤፍና ለቤት ኪራይ እንኳ አይበቃም። ስጾም ምን በላሽ የሚለኝ አልነበረም። ከተፈታሁ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ ‹ለጽንሱ ስትይ ብዪ እንጂ፣ ምን ያግደረድርሻል?› ይለኛል። ባዶ ሌማቴን የሸፈነልኝ ጾሙ ነበር።»

ጾም ሰው ወዶ የሚያቀርበው መሥዋዕት መሆኑን ዘመኔን ሁሉ አስተምሬአለሁ፤ የሚተወው የሌለው ሰው ምን እንደሚያቀርብ ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

ከዚያው ወደ ሱቅ ሄድሁ። ባለሱቁ የወሎ ሰው፣ ሙስሊም፣ የቆየ ወዳጄ ነው። እንቁላል ስጠይቀው ሳቁን ዋጥ አደረገ።

«አባ፣ ፋሲካን ለብቻዎ አመጡት እንዴ?»

«ለታመመ ሰው ነው።»

«እኔስ አመንኩዎ፤ እነዚያን እንጃ» ብሎ በአገጩ ደጅ የቆሙትን ሴቶች አመለከተኝ። ትልልቁን እየመረጠም፣ «እንቁላልም የሀብታም ምግብ ሆኖ ቀረ» አለ።

ፌስታሉን አንጠልጥዬ በዋናው መንገድ ወደ ነፍሰ ጡሯ ቤት ተመለስሁ። ሴትዮዋ ቀቀለች፤ አንዱን ልጣ ለትንሿ ልጇ ልታካፍል ስትል እጇን ያዝሁ።

«ይህ ያንቺ ነው፤ ለእሷ ሌላ አለ።»

ፊቷን ከበሩ መልሳ በላች።

«እነዚህ ሲያልቁስ፣ አባቴ?»

«ሲያልቁ አመጣለሁ። ጾሙን ግን አልመልስልሽም።»

ቃሌን ሰጠሁ፤ የአንድ ካህን ደመወዝ ግን ስንት ቤት ይደርሳል? ከዚያ ወዲህ ከቅዳሴ በኋላ መስቀል የሚሳለሙትን ሴቶች ፊት እመረምራለሁ። ፊቷ የገረጣ ስትቀርብ፣ ጾሟ ነው ወይስ ማጣቷ እያልሁ፣ መስቀሉን ከግንባሯ ላይ ማንሣት ይዘገይብኛል፤ ከኋላዋ ያሉትም ተራቸውን ይጠብቃሉ።