ኤቢሳ ላዳ ሲሠራ

ኤቢሳን ያስቸገረው የገዛ አፉ ነው። የአማቱ የአቶ ጎበና ላዳ ታክሲ ለብረት ገዢዎች በተሸጠች ሰሞን ሽማግሌው እህል አልቀምስ ብለው ዘመድ ሁሉ ቢጨነቅ፣ እሱ ብድግ ብሎ፣ «አባባ፣ አይዘኑ! ራሷን ላዳዎን አሳንሼ ሠርቼ ቤትዎ አቆምልዎታለሁ» አለ። ምን አስቸኮለው? ሚስቱ ዳርቱ በክርኗ ጎሸም አድርጋው ነበር፤ እሱ ግን ያደነቀችው መሰለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

በሰው ያስመጣው ተገጣጣሚ የአሻንጉሊት መኪና ላዳ እንኳ አልነበረም። አራት ማዕዘን የሆነ የድሮ አውቶሞቢል ነው። «ቆረጥ፣ ሞረድ ሳደርጋት ላዳ ትሆናለች» ብሎ ተነሣ። ጉርድ ሾላ ቢሮው ፋይል ሲያገላብጥ ይሰነብትና ቅዳሜ ቅዳሜ ሞረዱን ይዞ ይቀመጣል። ፊቷን ሲሞርድ አንዱ መብራት ከሌላው ከፍ አለ። መስታወቷን በሱፐር ግሉ ሲያጣብቅ የእንጦጦ ጉም የወረደበት መሰለ። ከመገናኛ የገዛው ሰማያዊ ደግሞ የብረት በር ቀለም ነበርና ወፍሮ የበሮቿን መስመር ዋጠው። ሁለቴ ልጦ ሁለቴ ቀባ፤ ባሰባት እንጂ አልተሻላትም።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አቶ ጎበና አንድም ቀን «የት ደረሰች?» ብለው አልጠየቁም። ኤቢሳን ይበልጥ ያስፈራው ይሄ ነው። ዝም ያሉት ንቀውኝ ነው ብሎ ደመደመ። እሁድ እሁድ እሳቸው ቤት መሄድ የቤቱ ደንብ ሆኖ ሳለ፣ አንዴ ራሴን አመመኝ፣ አንዴ ስብሰባ አለ እያለ ይቀር ጀመር።

በስምንተኛው ወር ዳርቱ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ለአንድ አሻንጉሊት ብለህ ከአባቴ ልትቆራረጥ ነው? የሆነችውን ትሁን! ጎማዋን ግጠምና ተነሥ!»

ገጠመ። አለቀች። እውነቱን ለመናገር ማለቋ ብቻ ግማሽ ሸክሙን አቀለለለት። ካርቶኗን አቅፎ፣ ሚስቱን ተከትሎ፣ በባሕር ዛፉ መሐል ወደ አማቱ ቤት የሚወስደውን ዳገት ወጣ።

አቶ ጎበና መነጽራቸውን አደረጉ። መኪናዋን አነሷት፣ አገላበጧት፣ ሆዷን ሳይቀር አዩ።

«ይቺ የኔ ላዳ አይደለችም» አሉ።

«አይደለችም፣ አባባ። አልሆነልኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እሰይ! ተመስገን!»

ኤቢሳ የሰማውን ማመን አቃተው። ዳርቱም ደነገጠች።

«ስምንት ወር ሙሉ ስፈራ ነው የከረምኩት» አሉ ሽማግሌው፣ ወንበራቸው ላይ ዘፍ ብለው። «ብረት ገዢዎቹ ጣሪያዋን በመዶሻ ሲያጎብጡት ቆሜ አይቻለሁ። ቁርጥ እሷን አምጥተህ ብታቆምብኝ በየጠዋቱ ላለቅስ ነው? አታምጣት እንዳልልህ ደግሞ፣ ልጅ ለአባቱ የለፋበትን እንዴት አታምጣ ይባላል? ጨነቀኝ። ስትቀርማ ሠርቶ ጨርሷት ነው፣ ዛሬ ነገ ይዟት ይመጣል እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

ልጅ ለአባቱ! ኤቢሳ ይህን ሲሰማ ሆዱ ባባ። «እኔ ደግሞ ንቀውኝ መስሎኝ ነው የቀረሁት» አለ።

«እናንተ ሰዎች ጤና የላችሁም!» አለች ዳርቱ። «አንዳችሁ አንዲት ቃል ብትተነፍሱ ምን ነበረበት?»

ሁለቱ እየተያዩ ሳቁ። አቶ ጎበና መኪናዋን እንደገና ተመለከቷት።

«ለመሆኑ የማን መኪና ናት የምትመስለው?»

«የማንንም አትመስልም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ትቀመጥ» አሉና ራሳቸው ተነሥተው ሬዲዮው ላይ አቆሟት።