ከሕፃኑ ጋር የተቀበረው ካርድ

ጎረቤቴ ሥራነሽ ሕሊና የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለቻት። ከሕሊና በኋላ የመጡት ሁለት ወንዶች ግን በተወለዱ በማግሥቱ ቆዳቸው ቢጫ ሆኖ ሳምንት ሳይሞላቸው አረፉ።

ሕሊናን እንዳረገዘች ከጤና ጣቢያ የእናትና የሕፃን ካርድ ተሰጥቷት ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ከልጆቼ መጽሐፍ ቢሆንም መንደሩ ወረቀት ሲያገኝ ወደ እኔ ያመጣል። ክብደቷን፣ የቀጠሮ ቀኗን፣ የተወጋችውን ሁሉ አነበብኩላት። የደም ዓይነት ከሚለው ጎን በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር። «ይኼ የሐኪሞቹ ነው» ብዬ አለፍኩት። ከሥሩ «እንደወለደች ወዲያው ትምጣ» ይላል። ሕሊና ግን ቤት ተወለደች፣ ጤነኛም ነበረች። ደህና ሆና ሳለ ምን ልትሠራ ትሄዳለች ብለን ተውነው።

ከሕሊና ቀጥሎ የመጣው ልጅ ሲሞት አማቷ እማማ ወለተ ሚካኤል ለእሱም ያገለገለውን ያንኑ ካርድ ከመጠቅለያው ጨርቅ ጋር ጉድጓዱ ውስጥ አስገቡት። በእኛ መንደር የሞተ ሕፃን ዕቃ ቤት አይቀርም፤ ተከታዩን ይጠራል ይባላል። እኔም ቆሜ አየሁ። ለሦስተኛው ልጅ ካርድ ስላልተገኘ ቀጠሮዋ በደብተር ቅጠል ተጻፈ። ቅጠሉም አብሮት ገባ።

አምና እንደገና ስታረግዝ መቅዲ የምትባል አዲስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤቷ መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«የበፊቱ ካርድሽ የታለ?» አለቻት።

ሥራነሽ አማቷን አየች።

«ከባለቤቱ ጋር ሄዷል» አሉ እማማ ወለተ ሚካኤል።

«ካርዱ እኮ የእናትየዋም ነው፣ እማማ።»

«እናትየዋማ ይኼው ተቀምጣለች። እሷን አንብቢያት።»

መቅዲ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። ስለ ሞቱት ልጆች አንድ በአንድ ስትጠይቅ ቆይታ፣ ቢጫ የሚለውን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ዛሬ ነገ ሳትይ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሂጂ» አለቻት።

ባሏ ደመላሽ ወሰዳት። ሲመለሱ ሐኪሙ ያለውን ነገረኝ። የእሷ ደምና ልጆቹ ከአባታቸው የወረሱት ደም አይስማሙም፤ የመጀመሪያውን ልጅ ባይነካም ተከታዮቹን ይጎዳል። ሕሊናን እንደወለደች አንድ መርፌ ብትወጋ ኖሮ የኋለኞቹ ይተርፉ ነበር። አሁን መርፌው አይሠራም። ያለው ተስፋ በዘጠነኛው ወር መግቢያ ከተማ ወርዳ ሆስፒታል መውለድ፣ ልጁንም ወዲያው ማሳከም ነው።

አዲሱን ካርድ አሳየኝ። በፈረንጅ ፊደል የተጻፈው ያው ድሮ ያለፍኩት ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ ጸለይን። ምጡ ግን ወሩን ሳይጠብቅ መጣ። ልጁ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ተወለደ፤ በማግሥቱ ቢጫ ሆነ፤ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲወስዱት መኪና ውስጥ እቅፏ ላይ አረፈ። አርባ ቀን ስላልሞላው ክርስትናም አልተነሣም።

ጉድጓዱ ተቆፍሮ እማማ ወለተ ሚካኤል እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጭው።»

ሥራነሽ ካርዱን በነጠላዋ ሥር ይዛዋለች። «ይኼኛው አይገባም» አለች።

«የእሱን ዕቃ ቤት ልትመልሽ ነው?»

«የእኔ ነው፣ እማማ። የእሱ ገጽ ባዶ ነው።»

አሮጊቷ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ካርዱ ሥራነሽ ቤት ሣጥን ውስጥ ከመሬት ደብተሩ ጋር ተቀምጧል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይዛው መጣች።

«ያችን የደሙን መስመር አንብቢልኝ፣ እትዬ።»

የፈረንጁን ፊደል ከመቅዲ ጠይቄ ስለነበር አነበብኩላት። ከታች ሐኪሙ ከእንግዲህ ባትወልድ ይሻላል ብሎ ጽፏል። እሱንም ሳልዘል አነበብኩላት። ሰምታ ካርዱን አጠፈችው። ሕሊና በር ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር፤ እጇን ይዛ ወሰደቻት። ስለ ሕሊና ተመስገን አልኩ።