ባዶ ነው የተባለው ወንዝ

ቀለሙን መጀመሪያ አልወደድኩትም። አዳማ ላይ በምንሠራባት ጠባብ ቢሮ፣ ከወንዝ ዳር መለኪያዎች የሚመጣውን መረጃ የምናየው በጥቁር ስክሪን ላይ ነበር። የጣቢያው ስም፣ ሰዓቱ፣ የውሃው ከፍታ፣ ጭማሪው፤ ሁሉም በነጭ ፊደል ተደርድሮ ይወርዳል። ዓይን ያፈዛል። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ አንድ ቀን ከኢንተርኔት አንድ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ የፕሮግራም ቁራጭ፣ አወረደችና ፕሮግራማችን ውስጥ ከተተችው። የላይብረሪው ሥራ ዳታውን በየዓይነቱ መቀባት ብቻ ነው። ስያሜው ሰማያዊ፣ ጽሑፉ አረንጓዴ፣ ቁጥሩ ቢጫ ሆነ።

«የሠርግ ድንኳን አስመሰልሽው» አልኳት።

«አንተ ደግሞ ደስ የሚልህ ነገር አለ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ውሎ አድሮ ግን ለመድኩት። ከወንበሬ ሳልነሳ ቢጫውን በጨረፍታ አይና ወንዙ ደህና ነው ብዬ ወደ ሻዬ እመለሳለሁ። ሰው ያመረ ነገር ሲያይ ማንበብ ይተዋል፤ እኔም ከዚያ አላመለጥኩም።

ታላቅ ወንድሜ ከደራ ዝቅ ብሎ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ያመርታል። እዚያ ጎርፍ የሚመጣው ዝናብ ሳይጥል ነው። አርሲ ተራራ ላይ የዘነበው፣ ታች ጠራራ ፀሐይ ሳለ፣ አፈርና ግንድ ይዞ ይደርሳል። ስለዚህ ተራራው በጠቆረ ቁጥር ይደውልልኛል። «ስንት ጨመረ?» ይላል፤ ሰላምታ እንኳ አያስቀድምም። እኔም የላይኛውን ጣቢያ አይቼ እነግረዋለሁ። በዚያ ቁጥር ነው የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ከወንዙ አፍ የሚያወጣው ወይም የሚተወው።

ያን ቀን ነሐሴ ነበር። አዳማ ላይ ጠብ አላለም፤ አቧራው እንኳ እንደ በጋ ነበር። በአርሲ በኩል ያለው ሰማይ ግን ከጠዋት ጀምሮ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። ምሳ በልቼ ስመለስ ልጅቷ ስልኬን ዘረጋችልኝ።

«ረስተኸው ሄድክ። ወንድምህ ደውሎ ስለ ወንዙ ጠየቀኝ። ባዶ ነው አልኩት።»

«ዜሮ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ ባዶ ነው። ምንም የለውም፤ እየው።»

ስክሪኑን አየሁ። ሰማያዊው «ጭማሪ» የሚለው ቃል አለ፤ ከአጠገቡ ጥቁረት ብቻ። በማውዙ ጎትቼ ሳደምቀው ከጥቁረቱ ውስጥ «ነል» የሚል ቃል ብቅ አለ፤ በፕሮግራም ቋንቋ ዋጋው አልተገኘም ማለት ነው። ላይብረሪው ያልተገኘን ነገር የሚቀባው ከጥቁር ብዙም በማይለይ ግራጫ ነበር። የሌለ ነገር ምን ያደርግላችኋል ብሎ ይመስለኛል። ወደ ላይ ስወጣ የመጨረሻውን ቢጫ ቁጥር አገኘሁት፤ በፊት ካሉት ሁሉ በብዙ ይበልጣል። ከእሱ በኋላ ሁሉም የማይታይ ነው። መለኪያው ዝም ያለው ውሃው ፀጥ ብሎ አልነበረም፤ ውሃው ወስዶት ነው።

ልጅቷ አልዋሸችም፤ ባዶ ነው። ግን ኳስ ሁለት ለባዶ አለቀ የምንል ሰዎች ነን። ስንት ጨመረ ብሎ ለጠየቀ ሰው ባዶ ካልከው፣ ምንም አልጨመረም ብሎ ስልኩን ይዘጋል። በጣም ፈራሁ።

ደወልኩ፤ አልገባም። ደግሜ ደወልኩ፤ አነሳ።

«ወንድም ጋሼ፣ የት ነህ?»

«ላይ፣ መንገዱ ጋ፤ ሽንኩርት እያስጫንኩ። ምነው?»

«ሚስትህስ?»

«ታች ናት። ሞተሩን ልናወጣው ነበር፣ የቢሮህ ልጅ ባዶ ነው ስትለኝ ጊዜ ተይው አልኳት። እዚያው ልብስ እያጠበች ነው።»

«ባዶ አይደለም! ማለቴ ባዶ ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም! መለኪያው የለም፣ ምንም አላየንም!»

«ምንድን ነው የምትለው? ጨምሯል አልጨመረም?»

ተናደድኩ። በእሱም፣ በልጅቷም፣ በቋንቋችንም ተናደድኩ። «ውሃ መጣ በላት!» ብዬ ጮህኩ።

ስልኩን እንደያዘ ሮጠ። ሚስቱ አፍ የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ ሲደነግጥ እሱም በእሷ ቋንቋ ነው የሚናገረው። «ቢሻን ዱፌ! ኦል ባኢ!» ሲል ሰማሁት፤ ውሃው መጣ፣ ወደ ላይ ውጪ ማለቱ ነው። ደጋግሞ ጮኸ። የእሷ ድምፅ አልመጣም። ከእሱ ትንፋሽ ኋላ የከባድ መኪና ድምፅ የሚመስል ነገር ነበር፤ አልፎ የማያልቅ። ልጅቷ ከአጠገቤ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ ከእሱ ቁጥር ተደወለልኝ። የተናገረችው ግን ሚስቱ ነበረች፤ እያለከለከች።

«ዋርሳዬ» አለችኝ፤ የባሏ ወንድም ስለሆንኩ እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «ሞተሩም ማሳውም ሄደ። እኔ ወጥቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ቁጥር አልፈልግም። አይተኸዋል ወይስ አላየኸውም፤ እሱን ብቻ ንገረኝ።»

ልጅቷ ማንም ሳያዛት ያንኑ ቀን የላይብረሪውን ቀለም ቀየረችው። ያልተገኘ ነገር አሁን ደማቅ ቀይ ነው። የተወሰደው መለኪያም በአዲስ ተተክቷል።

ዘንድሮ ክረምቱ ቶሎ ገባ። ዛሬ ጠዋት አርሲ በኩል ጠቁሮ ሳለ የወንድሜ ሚስት ደወለች። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነበር።

«አላየሁም» አልኳት።

ስልኩን ሳትዘጋው፣ ልጆቿን በየስማቸው እየጠራች ስትሰበስብ ሰማኋት። አንዱ አልመለሰላትም።