ፍራው ኬለር ቤት ለቅሶ የደረስን ዕለት

ባለፈው ማክሰኞ እዚህ ሳን ሆዜ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት የሚኖሩት ሽማግሌ አረፉ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ምስር ወጥ በሳህን ይዤ ልወጣ ስል ልጄ በሩ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ ለሚስትየው ቴክስት አድርጊላቸው። ዩ ካንት ጀስት ሾው አፕ፤ ሳይነግሩ ሰው ቤት አይኬድም።»

ሳህኑን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ይህን ትምህርት እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በአንዲት ትንሽ የጀርመን ከተማ ተምሬው ነበር።

አንድ ወንዝ፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ በየሩብ ሰዓቱ የሚደውል የቤተ ክርስቲያን ሰዓት ነበራት። ቅዳሜ ሁሉም ደጁን ይጠርጋል፤ እሑድ የመዶሻ ድምፅ እንኳ አይሰማም። እኛ ጥገኝነት ጠያቂዎቹ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ አሮጌ ቤት እንኖር ነበር። መጋረጃ ገለጥ አድርጎ የሚያየን ብዙ ነው፣ የሚያናግረን ግን የለም። ጎረቤታችን ፍራው (ወይዘሮ) ኬለር ብቻ በአጥር ላይ ፖም ያቀብሉን ነበር።

በጥቅምት ባላቸው ሞቱ። የኔ የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ስሜ ከፖሊስ ጋር ከተነሳ አለቀልኝ ብዬ እፈራለሁ።

«የጎረቤት ለቅሶ ልንቀር ነው?» አሉ አብረውኝ የሚኖሩት እትዬ አስናቀች።

«ኋላ ችግር ውስጥ ብንገባስ?»

«ለቅሶ መድረስ ወንጀል ነው እንዴ?» ብለው ገላመጡኝ።

የለቅሶ ቤት በር አይንኳኳምና ዘው ብለን ገብተን ሳሎን ተቀመጥን። ፍራው ኬለር ከጓዳ ሲወጡ በጥቁር የተሸፋፈኑ ሁለት ሴቶች ቤታቸው ተቀምጠው አዩ። የያዙት ሳህን ወድቆ ተሰበረ። እትዬ አስናቀች ይባስ ብለው ድምፅ አውጥተው ማልቀስ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ መጣ፤ የጠራው ከመጋረጃዎቹ ጀርባ ያለ ሰው መሆን አለበት።

ፖሊሱ ወረቀቴን ተቀብሎ ስሜን ማስታወሻው ላይ ጻፈ። እዚህ ምን እንደምንሠራ ጠየቀኝ። የማውቃት ትንሽ ጀርመንኛ ሁሉ ጠፋችብኝ። በሩ አጠገብ ወደተሰቀለው የሟቹ ባርኔጣ ጠቁሜ እንባዬ መጣ።

ፍራው ኬለር ባርኔጣውን ቆመው አዩት። ከዚያ ወንበር ስበው በሁለታችን መሃል ተቀመጡና ለፖሊሱ አንድ ነገር ተናገሩ። የገባኝ «እንግዶቼ» ያሉት ብቻ ነው። ፖሊሱ ወረቀቴን መለሰልኝ።

ሦስቱንም ቀን እህል አልወረደልኝም። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ማንም ነገሩን አላነሳው።

ጀርመንኛ ከለመድኩ በኋላ ፍራው ኬለር አንድ ቀን ነገሩኝ። በዚያ ሳምንት ብዙ የሐዘን ካርድ ደርሷቸው ነበር፤ ቤታቸው የገባ ሰው ግን ከእኛ በቀር አልነበረም።

«ቴክስቱን አንቺ ላኪላቸው» አልኳት ልጄን፣ ሳህኑን አንስቼ።

መንገዱን ተሻገርኩ። በዚህ ጊዜ ግን በሩን አንኳኳሁ።