በዓል የማያውቀው መሣሪያ

ይህ የሆነው አምና ኅዳር፣ የጽዮን ማርያም ዕለት ንጋት ላይ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔ ግን ብርድ በጠና ቁጥር ስልኬን ማየት ያስፈራኛል።

ደብረ ማርቆስ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። የእናቴ ወንድም መሪጌታ ናቸው፤ ሮብ ገበያ የምትባል ከተማ አጠገብ በመስኖ ድንች ያለማሉ። ካቻምና ማሳቸውን ውርጭ መትቶት የተረፈቻቸው ዘር ጥቂት ነበረች። «ይቺ ካለቀች እኔም አለቅሁ» አሉኝ። ቀድመው ካወቁ ቤተሰቡ ወጥቶ ማሳውን ገለባ ያለብሰዋል። ስለዚህ ብርዱ ሲከፋ ስልካቸው ላይ መልእክት የሚልክ መሣሪያ ልሠራላቸው ቃል ገባሁ።

የለመድኩት ቺፕ ግን ከገበያ ጠፋ። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ ሱቁን ሁሉ አስሳ «ያለው ይኸው ነው» ብላ ሌላ ዓይነት ላከችልኝ። ቺፕን ከኢንተርኔት ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም፣ ኔትወርክ ስታክ የሚባለው፣ ማንም በነፃ ወስዶ የሚያሻሽለው ነው። የነበረኝ ግን ለድሮው ቺፕ የተጻፈ ነበር። ከአዲሱ ጋር ማስማማቱ የእኔ ራስ ምታት ሆነ።

ክረምቱን በሙሉ በላው። መልእክት ይልካል፤ መልስ ሲመጣለት ድርቅ ይላል። ሜሞሪው ጠባብ ስለሆነ አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ፕሮግራሙን የሚያውቁ ሰዎችን በኢንተርኔት ብጠይቅ፣ አንዱ «የሚመከረውን ቺፕ ለምን አትገዢም?» ብሎ መለሰልኝ። ከየት አባቴ ላምጣ! የዚያን ቀን አለቀስኩ። በመጨረሻ ችግሩ ተገኘ፤ አዲሱ ቺፕ የመጣለትን መልስ የሚያስቀምጠው ፕሮግራሙ ከሚፈልግበት ቦታ ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ነበር። አስተካከልኩት፤ ሠራ። ብቻዬን እልል አልኩ።

ማሳው ዳር ስተክለው አጎቴ ዙሪያውን ዞረው አዩትና «በበዓልም ይሠራል?» አሉኝ።

«እሱ በዓል አያውቅም፣ አጎቴ።»

«አይ አረመኔ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ መረቁኝ።

የጽዮን ዕለት ሊነጋጋ ሲል ስልኬ ጮኸ። «ውርጭ እየመጣ ነው» ይላል። መልእክቱ ለሁለታችንም ነው የሚደርሰው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ደወልኩላቸው። ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ያኔ ነው የገባኝ፤ አጎቴ ማኅሌት ቆመዋል። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ስልካቸውን ይዘጋሉ። ቤተሰቡም ጎረቤቱም እዚያው ነው። የማውቀውን ቁጥር ሁሉ ሞከርኩ። አገሩ ሁሉ ነቅቶ ቆሟል፤ እኔን የሚሰማኝ ግን አንድም ሰው የለም። ያን ሁሉ ጊዜ ከቺፑ ጋር ስታገል ይህ አንድም ቀን አልታሰበኝም።

መኪና አግኝቼ ስደርስ ፀሐይ ወጥታለች። የድንቹ ቅጠል ጠቁሮ ተኝቷል። አጎቴ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ መቋሚያቸውን እንደያዙ ማሳው ዳር ቆመዋል። ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

«ደርሶኛል እኮ፣ ልጄ። ከቅዳሴ ወጥቼ ስከፍተው ገባ። ሠርቷል፤ እንኳን ደስ ያለሽ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው «ማኅሌቱን ባልቆም ኖሮ...» ብለው ጀመሩና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከዚያ በኋላ ስለ ድንቹ አንስተው አያውቁም።

ዘንድሮ ዘር የላቸውም፤ ማሳው ጦሙን አድሯል። መሣሪያውን ልንቀለው ብል «ተይው፣ የደከምሽበት ነው» አሉኝ። አሁንም አንድም ቀን ሳይበላሽ ይሠራል። ብርድ በሆነ ንጋት ሁሉ ስልኬ ይጮኻል፤ ባዶ መሬት ላይ ውርጭ እየመጣ መሆኑን ይነግረኛል። አነበዋለሁ፤ ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።