ከድልድዩ ስር ያለው ደረቅ ድንጋይ

በዚያ ክረምት አባቴ አኩርፈውኝ ነበር። ኩርፊያ ስል የልጅ ኩርፊያ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ወር ሙሉ በአንድ ቤት እየኖርን፣ በአንድ ትሪ እየበላን፣ አንዲት ቃል ከአፋቸው ወደ እኔ አልወጣችም። የሚሉኝ ነገር ካላቸው በእናቴ በኩል ነው። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ «ያቺን ልጅ በሩን ዝጊ በያት» ይላሉ። እናቴ ዞር ትልና «በሩን ዝጊ ተብለሻል» ትለኛለች። እዘጋለሁ። እኔም በተራዬ «ሻይ ይጨመርላቸው ወይ በያቸው» እላታለሁ። ምስኪን እናቴ ያንን ክረምት እንደ ቀበሌ ደብዳቤ በሁለታችን መሀል ስትመላለስ ከረመች።

የጠባችን መነሻ ድንጋይ ነው። አባቴ ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው፤ ካዛንቺስን ውስጥ ለውስጥ ስትሄዱ ከምታዩአቸው የድንጋይ አጥሮች ብዙዎቹ የእሳቸው እጅ አለባቸው። እኔ ደግሞ ያኔ ደምበል አካባቢ አንድ ቢሮ እሠራለሁ። ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሆነን ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ወጣ ብለን ቋጥኝ መውጣት ለምዶብናል። ገመዱንም ቀበቶውንም ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ ለእሷ ትቶላት ነው የሄደው። ግንቦት ላይ፣ ዝናብ የነካውን ቋጥኝ ምንም አይልም ብዬ ስይዘው አንሸራተተኝና የእጄ አንጓ ተሰበረ።

ጄሶ ታስሮልኝ ቤት ስገባ ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀኝ ተሰብስቧል። አባቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ድንጋይ ለእኔ እንጀራዬ ነበር። ላንቺ ምንሽ ነው?» አሉኝ። ዝም ብል ምን ነበረበት። «እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ መወጣጫ እንጨት ላይ ሲንጠለጠሉ ማን ከለከለዎት?» ብያቸው አረፍኩ። አባቴ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም ለእኔ ቃል አልነበራቸውም። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። ግትርነቱን ከማን ወረስኩትና።

ሐምሌ ላይ ጄሶው ተፈታ። እጄ ቀጥኖና ገርጥቶ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ወጣ። ከሁሉ የናፈቀኝ ድንጋይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ታክሲ ውስጥ በትንፋሽ ያላበውን መስኮት በክንዴ እጠርግና ውጪውን አያለሁ፤ ኡራኤል ከዝናቡ ጀርባ ግማሹ የለም፣ ጃንጥላዎች ብቻ ያለ ሰው የሚሄዱ ይመስላሉ። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ በፀሐይ የሞቀ ሻካራ ድንጋይ መዳፌ ስር ይመጣል። ሽታው ሳይቀር ይመጣል። «ወራጅ አለ» የሚለው ድምፅ ሲያባንነኝ ብዙ ጊዜ ደምበልን አልፌ እገኛለሁ። ቢሮ ስገባም የግድግዳውን ስንጥቅ በዓይኔ ስወጣ እውላለሁ።

ከባልደረባዬ ጋር ሆነን ደረቅ ድንጋይ ፍለጋ ያልሄድንበት የለም። ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር እንወጣለን። ቋጥኙ ከሩቅ ደርቆ ይታየናል፤ ስንደርስ ከየስንጥቁ ውሃ እንደ እንባ ይንቆረቆራል፣ ጣታችንን የምናሳርፍበት ሁሉ የሚያዳልጥ የድንጋይ ሽበት ይዟል። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ እሷ ጭቃውን ከጫማዋ እየፋቀች «ስሚ፣ ማለቴ፣ በቃ እስከ መስከረም ብንተወውስ?» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ፈርቼ ነበር። እስከ መስከረም ከቆየሁ ፍርሃቱ እጄ ውስጥ እንዳጥንቱ ገጥሞ ይቀራል ብዬ ነበር የማስበው። ለማንም ግን አልተናገርኩም፤ አባቴ ከሰሙ ልክ ነበሩ ማለት ነው።

ፍልሰታ ገባ። እናቴ «በጾም ተኳርፎ መክረም ነውር ነው» እያለች ሁለታችንንም በየተራ ትለምነናለች። እኔ እሳቸው ቀድመው ይናገሩ እላለሁ። አንድ ቀን ከሥራ በስብሼ ገብቼ፣ ካልሲዬን እየጨመቅኩ፣ «በዚህ ሁሉ ድንጋይ መሀል አንድ ደረቅ ይጥፋ?» ብዬ ለእናቴ አማረርኩላት። አባቴ ጥግ ላይ ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ድምፁን ቀነስ ሲያደርጉት ሰማሁ። ወዲያው መልሰው ከፍ አደረጉት።

በማግስቱ ሽሮው ቀርቦ እየበላን ሳለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያቺን ልጅ፣ ከባምቢስ በታች ካለው ከትንሹ ድልድይ ስር ያለው ጥቁር ድንጋይ ውሃ አይጠጣም በያት። ድልድዩ ጣራ ሆኖለታል። ገመዷን ከአጥሩ ብረት ጋር እንዳታስር፣ ዝጓል። ከአርማታው ምሰሶ ጋር ትሰር በያት።»

እናቴ እንጀራውን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ዞር ብላ አንድም ሳታስቀር ነገረችኝ፣ ዝገቱን ሳይቀር። «እሺ በያቸው» አልኩ። በኋላ ጓዳ ውስጥ እናቴ «እርጥቡ ላይ ሄደሽ ዳግመኛ ከምትሰበሪ ብለው ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። ይህን ስትል ግን ፈገግ ብላ ነበር።

እሁድ ጠዋት ከባልደረባዬ ጋር ወረድን። እውነታቸውን ነው። ከድልድዩ ስር፣ ከወንዙ በላይ ሰፋ ያለ መቆሚያ አለ፤ ከመቆሚያው ጥቁሩ ቋጥኝ ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ አናቱ ላይ የድልድዩን ጎን የያዘው የተጠረበ ድንጋይ ግንብ ይጀምራል። መዳፌን አሳረፍኩበት። ደረቅ ነው። ቀዝቃዛና ሻካራ፣ ዱቄት የነካው የሚመስል ደረቅ። ግንባሬን አስደግፌበት ትንሽ ቆየሁ፤ ባልደረባዬ «ትስሚዋለሽ ወይስ ትወጪዋለሽ?» አለችኝ።

ከላይ ሄደን ገመዱን እንደተባልነው ከምሰሶው ጋር አሰርን። ቀበቶዬን ጠበቅ አድርጌ ጀመርኩ። ብዙም ሳልሄድ ዝናቡ መጣ። ከድልድዩ ግራና ቀኝ እንደ መጋረጃ ወረደ፤ እኛ ከመጋረጃው ውስጥ ቀረን። ጠብታ አልነካንም። የመኪናው ድምፅ ከላይ ራቀ፣ ከስር ድፍርሱ ወንዝ ብቻ ያጉረመርማል። እጄ ያውቀዋል ድንጋዩን። አንዱን ይዤ ወደ ሌላው ስዘረጋ ታክሲ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ የማየው ነገር ውስጥ የገባሁ መሰለኝ፤ መንቃትም አላማረኝም።

ወደ ታች ሳይ አባቴ ቆመዋል። ከቅዳሴ መመለሳቸው ነው፣ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ፣ ጃንጥላቸውን ደረቁ ቦታ ላይ ሳይቀር እንደዘረጉ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ወንዙ ዞረዋል። ገመዴን የያዘችውን ባልደረባዬን «ደህና አደርሽ ልጄ» አሏት። ቀጥለው፣ አሁንም ወንዙን የሚያዩ መስለው፣ «ያቺን ልጅ ቀኝ እግሯን ዝቅ ታድርግ በያት። እዚያ ጋ መቆሚያ አለ።»

«ቀኝ እግርሽን ዝቅ አድርጊ ተብለሻል» አለች ባልደረባዬ፣ ሳቋን አፍና። ዝቅ አደረግኩ። መቆሚያው ነበር።

«አሁን ወደ ግራ ትዙር በያት።» «ወደ ግራ ዙሪ።» «ተንፈስ ትበል በያት።» «ተንፈስ በይ ተብለሻል።» እንዲህ እየተባልኩ በሰው ሰው ከቋጥኙ አናት ደረስኩ። ሳቄ ይመጣል፣ እንባዬም ይመጣል። ከራሴ በላይ ያለው የተጠረበው ግንብ የመጀመሪያው ረድፍ ነው። ከሁሉም ወጣ ያለች፣ ለእጅ የተሠራች የምትመስል አንዲት ድንጋይ ነበረች። እጄን ዘረጋሁላት።

«ልጄ፣ እሷን አትንኪያት።»

በእኔና በእሳቸው መሀል ማንም አልነበረም። ወደ ታች አየሁ። ጃንጥላው መሬት ወድቋል። አባቴ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ከዚያ ርቀት ሊቀበሉኝ እንደሚችሉ ሁሉ፣ ቀጥታ ዓይኔን ያዩኛል።

«ጥብቅ አይደለችም። እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት። ነሐሴ ነበር፣ እንዲህ እየዘነበ። አለቃችን የለም፣ እኛ ቸኩለናል። ሲሚንቶው ታጥቦ ከስሯ ሲሄድ እያየሁ ፊቷን ብቻ ለጥፌ ዘጋኋት። ልነግርሽ ይገባ ነበር። መናገሩ አሳፈረኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዚህ ድልድይ ሳልፍ በወዲያኛው ጠርዝ ነው የምሄደው።»

እጄን መለስኩ። እሳቸው ያንን ነውራቸውን ስንት ዓመት ለማንም ሳይናገሩ ኖረው፣ ለእኔ ሲሉ በሰው ፊት አወጡት። እኔ ደግሞ በሰው ፊት ያዋረድኳቸው ልጅ ነኝ። ገመድ ላይ ተንጠልጥዬ፣ «አባዬ፣ ያን ቀን ለተናገርኩት ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። ባልደረባዬ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች።

«መጀመሪያ ውረጂ» አሉኝ። ድምፃቸው የድሮው ድምፃቸው ነበር።

ቤት ስንገባ እናቴ ምሳ አቅርባ ትጠብቃለች። እጃችንን ታጥበን ትሪውን ከበብን። አባቴ አንድ ሁለት ጎረሱ፣ ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ቅዳሜ ሲሚንቶና መዶሻ ይዘሽልኝ ትወጫለሽ። እኔ ከስር ሆኜ እነግርሻለሁ። ያቺን ድንጋይ እናስተካክላታለን።»

እናቴ ከልማዷ ወደ እኔ ዞረች። «ቅዳሜ ሲሚንቶና መዶሻ ይዘሽ ትወጫለሽ ተብ...»

«ተያት» አሉ አባቴ። «ሰምታለች።»